የእንግዴ ልጅ ጉድጓድ ዘበኛ

ሐምሌ 9 ቀን 2017

ይህን ደብተር የሰጡኝ ከወረዳ የመጡት ተቆጣጣሪ ናቸው። አፍንጫቸውን በመሀረብ ይዘው፣ «አባት፣ የጉድጓዱን ሁኔታ በየቀኑ ይመዝግቡ» አሉኝ። ሦስት ቀን መዘገብሁላቸው። ተከፈተ፣ ሸተተ፣ ተዘጋ። ተከፈተ፣ ሸተተ፣ ተዘጋ። በአራተኛው ቀን ሰለቸኝና ያንን ገጽ ቆርጬ ለእርሳቸው አስቀመጥሁ። የቀረው ደብተር የእኔ ነው።

ባየልኝ እባላለሁ። ሰባ አራት ዓመቴ ነው። የዚህች ጤና ጣቢያ ዘበኛ ነኝ። ሰው ዘበኛ ሲባል በር የሚጠብቅ ይመስለዋል። ይህን በር ማን ይወስደዋል፤ ዝገቱ ብቻውን ይጥለዋል። እኔ የምጠብቀው ከማዋለጃው ክፍል ኋላ ያለውን ጉድጓድ ነው። ሴት ስትወልድ ልጁን ተከትላ የምትወጣዋ ሥጋ እዚያ ትጣላለች። እንግዴ ልጅ ይሏታል። ይኸው አንድ ጊዜ ጻፍኋት፤ ሁለተኛ ብዕሬን አላቆሽሽባትም። ከዚህ ወዲያ «ያች ነገር» ናት።

እጠላታለሁ። ዛሬ አይደለም የጠላኋት። ምክንያቱን ማንም አይጠይቀኝ።

ሐምሌ 12

ሲዘንብ አድሮ ጉድጓዱ ሞላ። የሲሚንቶ ክዳኑ ከተሰነጠቀ ከርሟል። ውሃው ከሥር ገፍቶ ያወጣውን አወጣ። ምን እንዳወጣ አልጽፍም።

ጠዋት ስደርስ ውሾቹ ዙሪያውን ከበው ተቀምጠዋል፣ ልክ እንደ ቀበሌ ስብሰባ። «ኮሚቴ» ብያቸዋለሁ። ሊቀ መንበሩ ያ አንድ ጆሮ ብቻ ያለው ቡሬ ነው። ዱላ ሳነሣበት እንኳ አይሮጥም፤ ፈቀቅ ብሎ አጀንዳዬን እስክጨርስ ይጠብቀኛል።

በአካፋ መለስሁ። ኖራ ነሰነስሁ። አመድ ደፋሁበት። ጭቃው ጫማዬን ከነእግሬ ሊያስቀረው ነበር። አንድ ወፍራም ዝንብ አፌ ገባ። ተፋሁት። ይህን ስጽፍም እየተፋሁ ነው።

ምሳ አልበላሁም።

ሐምሌ 14

ዛሬ ከሲስተር ረፊቃ ጋር ተጣላን። አዋላጃችን ናት፤ የመተማ ዮሐንስ ልጅ። አባቷ ወዲያ ጋላባት ወዲህ መተማ እየተመላለሰ ሲነግድ ያሳደጋት ስለሆነች ሱዳኖቹ አያትን እንደሚጠሩት «ጂዱ» ነው የምትለኝ። እጇ ቀጭን ነው፤ አፏ ግን የትራክተር ጭስ ማውጫ።

«ሲስተር፣ ይህን ቆሻሻ ለምን በጋዝ አታቃጥሉትም?» አልኋት።

«ቆሻሻ?» አለች። «ምኑን ነው ቆሻሻ ያሉት፣ ጂዱ?»

ገና አንዲት ሴት መውለዷ ነበር። ገብታ ያችን ነገር በሳህን ይዛልኝ መጣች። «ይዩዋት። ሦስት ዓመት ሲጠብቋት አንድ ቀን አይተዋት አያውቁም።»

አየሁ። ስፋቷ እንደ ድፎ ዳቦ ነው። በአንድ ወገን ጥቁር ጉበት፣ ጉጥ ጉጥ ያለ። ገለበጠችው። በሌላው ወገን ደግሞ ሰማያዊ፣ የሚያብለጨልጭ፤ ደም ሥሮቹ ከመሀል ተነሥተው እንደ ዋርካ ቅርንጫፍ እስከ ዳር ዘርግተዋል። ግንዱ እትብቱ ነው። ሦስት ጊዜ ዓይኔን አርገበገብሁ፤ ከዚያ ከግራሩ ሥር ሄጄ ቁርሴን መለስሁ።

ረፊቃ እስክጨርስ ጠበቀችኝና ውሃ አቀበለችኝ። «ልጅ በሆድ ሳለ ሳንባው ሥራ አልጀመረም» አለች። «የምትተነፍስለት እሷ ናት። የምታበላው እሷ፣ ቆሻሻውን የምታስወጣለት እሷ።»

«የእናቱ ደም በእትብቱ ይገባለታል ማለት ነው እንግዲህ።»

«አይገባም! ሰው ሁሉ እንዲህ ይመስለዋል። የመተማን ድልድይ ያውቁት የለ? የሱዳን መኪና ወዲህ ዘልቆ አይገባም፣ የእኛም ወዲያ አይዘልቅም። ኬላው ላይ ጀርባ ለጀርባ ይቆሙና ጭነቱ ብቻ ነው ከአንዱ ወደ አንዱ የሚሸጋገረው። የእናትና የልጅም ደም እንደዚያው ነው፤ ጎን ለጎን ይቆማሉ እንጂ አይቀላቀሉም። ይቺ ኬላዋ ናት።»

«ኮንትሮባንድስ አይገባም?»

«ይገባል እንጂ። የወባው ተሐዋሲ ከሁሉ በፊት የሚሸሸገው እዚች ውስጥ ነው። ተሸሽጎ ልጁን ያስርበዋል። አጎበር አጎበር እያልሁ የምጮህባቸው ለምን መሰለዎት?»

«ሥራዋን ስትጨርስስ?»

«ልጁን ተከትላ ትወጣለች። ሳትወጣ ከቀረች ግን…» አለችና ሳህኑን ይዛ ገባች።

እኔም ወደ ዘብ ቤቴ ገባሁ። ዛሬ ብዙ ጻፍሁ። እጄ ይሸታል።

ሐምሌ 19፣ ገብርኤል

እስከዳር መጣች። የልጅ ልጄ ናት፤ ያሳደግኋት ግን እኔው ነኝ። እናቷ መንበረ ካርቱም ሻይ ስትሸጥ ጦርነቱ መጣና አሁን ፖርት ሱዳን ናት ይላሉ። መንበረንም ያሳደግኋት እኔው ነኝ። ሁለት ትውልድ ጡት የሌለው ሰው አሳደገ ብለው ቢጽፉልኝ አይበዛብኝም።

ባሏ ውባንተ በሰሊጥ እርሻው ካምፕ የትራክተር ኦፕሬተር ነው። ካምፑ ከዚህ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። በበጋ ነው ሁለት ሰዓት፤ አሁን የዋልካው ጭቃ የፈለገውን ያህል ያስኬዳል።

በር ላይ ተቀበልኋት። «ሆድሽ ከአንች ቀድሞ ደረሰ እኮ። ብቻውን ነው የመጣው?»

«የአንቱ ጥርስ ቀድሞዎት ሲሄድ እኔ ምን አልሁ፣ አባባ?» አለችኝ።

የእኔ ልጅ!

ወጥታ ስትሄድ ግን ረፊቃ አልሳቀችም። ባለፈው ሳምንት ደም አይታለች አለች። ምንም ሕመም ሳይኖራት። ለአልትራሳውንድ ወደ ከተማ ልካታለች።

ደም የሚባለውን ቃልም አልወደውም።

ሐምሌ 24

ወረቀቱ መጣ። ረፊቃ አስጠራችኝና ወንበር ሰጠችኝ። ወንበር ስትሰጠኝ መጥፎ እንደሆነ ገባኝ።

«ያቺ የነገርሁዎት ኬላ አለች አይደል፣ ጂዱ? ወትሮ ቦታዋ ወደ ላይ ነው፣ ከማኅፀኑ ጣሪያ ወይ ከጎኑ። የእስከዳር ግን የማኅፀኗ አፍ ላይ ነው የተቀመጠችው። በሩን ዘግታዋለች። ልጁ የሚወጣበት ሌላ በር የለውም። ምጥ መጥቶ በሩ ቢከፈት ወይ ሰው እጁን ቢሰድ ይቺ ትገነጠልና ደሟ በአንድ ጊዜ ይፈስሳል። ስለዚህ ሆዷን ማንም እንዳይነካ። ከባድ እንዳታነሣ። ባሏ እንዳይቀርባት። ነሐሴ ሳያልቅ ደግሞ ኦፕራሲዮን የሚሠራበት ሆስፒታል አጠገብ ትደር።»

«ለእሷ አልነገርሻትም?»

«ነግሬያታለሁ። ግን ይህንን ለአማቷ አፏን ሞልታ ልትናገር አትችልም። አማቷ ስርጉት ደግሞ እኔን አትሰማኝም፤ ‹ሳትወልድ የምታዋልድ› ነው የምትለኝ። እርስዎን ትሰማለች። ቃሉን እንዳለ ይንገሯት፣ ጂዱ። እንዳለ።»

«እንዳለ» አልኋት።

ሐምሌ 25

ካምፕ ሄጄ ተመለስሁ። ጉልበቴ አልቋል።

ስደርስ ለአረም የመጡት የጎጃም ልጆች፣ እነ ደምለው፣ ዝናብ ሸሽተው ከዳሱ ሥር ተቀምጠዋል። ሳሉግ ነው እዚህ የሚሏቸው፣ እየዞረ የሚሠራውን ሠራተኛ ሁሉ። ስርጉት ንፍሮ ታወጣላቸዋለች። ውባንተም አለ። ሃያ ሰው ይሆናል። ሁሉም ዞሮ እኔን አየ።

«እህሳ፣ ምን አለች ሐኪሟ?» አለችኝ ስርጉት። «ይንገሩን እንጂ አንቱ!»

ያን ሁሉ ወንድ አስቀምጬ፣ ባሏ እየሰማ፣ ለአማቷ፣ ስለ ልጄ ማኅፀን አፍ? ስለ ያች ነገር? ንፍሮ እየተበላ?

«ምን ትላለች» አልሁ፤ «ልጁ ከወዲሁ በር ላይ ወርዶ ወንበር ዘርግቶ ተቀምጧል። ሰልፍ እንዳይቀድሙት ነው።»

ሳቁ ዳሱን አነቃነቀው። ደምለው ንፍሮው ትን አለው። ስርጉት እልል አለችና፣ «ወርዶም ከሆነ ትንሽ ከፍ ማድረግ ነዋ» አለች። እኔም ሳቅሁ።

እስከዳር አልሳቀችም። አየችኝ።

ከባድ አታሸክሟት ብያለሁ። አጎበር ብያለሁ። ይህን እንኳ ብያለሁ።

ረፊቃ «ነገሯት?» አለችኝ። «ነገርኋት» አልሁ።

ሐምሌ 28

ዝናብ። ጉድጓዱ እንደገና። ኮሚቴው በሙሉ አባላቱ ተገኝቷል።

ነገርኋት ማለት ነገርኋት ነው። በር ላይ ነው ብያለሁ፤ ውሸት ነው እንዴ? ያልገባው ሰው ይጠይቅ።

ነገ ዝናቡ ካባራ ሄጄ ለስርጉት ለብቻዋ እነግራታለሁ።

ነሐሴ 1

ጾም ገባ። አላባራም።

ነሐሴ 3

ውባንተ በባዶ እግሩ እየሮጠ መጣ። «ደም» አለ። ሌላ መናገር አልቻለም።

በቃሬዛ እያመጧት ነው።

ረፊቃ ጓንቷን እያጠለቀች ነው።

ምን አድርግ ይሉኛል። ውሃ አፍላ አሉኝ። ፈልቷል። አሁንስ?

ነሐሴ 4

ቆመ። ደሙ በራሱ ቆመ። ልጁ ይንቀሳቀሳል። ረፊቃ መስሚያውን ጆሮዬ ላይ አድርጋ የልብ ምቱን ልታሰማኝ ፈለገች። እጄን አወዛውዤ እንቢ አልሁ።

የሆነው ይህ ነው። ልጁ ወርዷል ሲባሉ አሰፋችን ጠሩ። አሰፋች በካምፑ ሆድ የምታሽ ሴት ናት። መዳፏ ሰፊ ነው፤ ስንቱን ሕፃን አንሥታለች ይባላል። ሁለት ቀን በሰሊጥ ዘይት አሽታ ወደ ላይ ገፋችው። በሦስተኛው ቀን ስትገፋ ደሙ መጣ።

ረፊቃ ግቢው መካከል ቆማ፣ «ማን ነው እሹ ያላችሁ?» አለች።

ስርጉት እያለቀሰች፣ «ኧረ እሳቸው ናቸው፣ ልጁ በር ላይ ወርዷል ያሉን! እኛ ሳይደርስ እንዳይወጣ ብለን ነው» አለች።

ረፊቃ ወደ እኔ ዞረች። ትጮኻለች ብዬ ነበር።

«አቶ ባየልኝ» አለችኝ።

ጂዱ አላለችኝም። በሦስት ዓመት ስሜን ስትጠራ ዛሬ ገና ሰማኋት።

ነሐሴ 8

እስከዳርን የወላድ ማቆያ ክፍሏ ውስጥ አስተኝተዋታል፤ ከጉድጓዱ ሃያ እርምጃ። ጠረኑ እንዳይደርስባት ኖራውን በእጥፍ አደርጋለሁ። ንፋሱ ወደ እሷ ከነፈሰ አመድ። ጉድጓዱን በቀን ሁለት ጊዜ አየዋለሁ።

ለሕክምና የመጡ ሁለት ሴቶች ከዘብ ቤቴ ጀርባ ጥላ ይዘው ያወሩ ነበር።

«ሽማግሌው ናቸው አሉ ያሳሰቷቸው።»

«ጨዋታ ይወዳሉ እኮ። ድሮም ሚስታቸውን…»

ከዚያ አጎንብሰው በሹክሹክታ። እኔ ሳልሁ። ተነሥተው ሄዱ።

ጨዋታ እወዳለሁ። ሰው ይስቃል፤ እኔ ምን አደረግሁ? አፍ ያለው ሁሉ ይናገራል። ምላሴ ግን ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ አፌ ውስጥ እንደ ሌላ ሰው ምላስ ሆኖብኛል። ያ ዝንብ የገባ ቀን እንዲህ ነበር።

ነሐሴ 13፣ ቡሄ

የሰፈር ልጆች ጅራፍ እያጮኹ ግቢው ድረስ መጡ። እስከዳር ከተኛችበት ሳትነሣ ሙልሙል ሰጠቻቸው። «አባባ፣ ለምን ዝም አሉ? ያሹፉብኝ እንጂ» አለችኝ።

«ምንሽ ላይ ላሹፍ፤ ተኝተሽ የምትበይ ሴት።»

«አንቱም ተቀምጠው የሚበሉ ዘበኛ።»

ሳቀችልኝ። ቂም እንኳ አትይዝም። ይህ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል።

ነሐሴ 24

ነገ አምቡላንስ መጥቶ ሊወስዳት ነበር። መንገዱ ተዘጋ። ማን ዘጋው፣ ለምን ዘጋው፣ እስከ መቼ፣ የሚነግር የለም። ረፊቃ ስልክ ስትደውል ዋለች። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል።

ልጁ ስምንተኛ ወሩን ጨርሷል።

የጉድጓዱን ክዳን በሽቦ አሠርሁት። ኮሚቴው ተቃወመ።

ነሐሴ 29

ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ያኔ እኮ መንገድ ክፍት ነበር። ለአይናዲስ መንገድ ክፍት ነበር። ማንም አልዘጋውም። የጠፋው ሂዱ የሚል አፍ ነው።

ይህን ገጽ ልቀደው ነበር። ተውሁት።

ጳጉሜን 3፣ ሩፋኤል

ረፊቃ የወባ ወረርሽኝ አለ ተብላ ከጠዋቱ ወደ ታችኛው መንደር ሄዳለች። እስከዳር ወገቧን አሟታል። ስርጉትና አሰፋች ግቢ ገቡ። ዛሬ ማኅፀን ፈቺው ነው፣ በዝናቡ ጠበል እናጥባት፣ አሰፋችም ደርሶ እንደሆን ትንሽ እጇን ሰዳ ታያት አሉ።

በሩ ላይ ነኝ።

ደም ጀመራት።

ረፊቃን እየጠሯት ነው።

ጳጉሜን 4፣ ሆስፒታል

ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። እስክሪብቶ ከጥበቃው ተዋስሁ። ዘበኛ ለዘበኛ አይጨክንም። ሁሉንም እጽፋለሁ፤ ካልጻፍሁት ነገ ጨዋታ አደርገዋለሁ።

ስርጉትና አሰፋች ሲመጡ እኔ የማቆያው በር ላይ ቆሜ ዱላዬን አጋድሜ ያዝሁ።

«ምን ሆኑ አባባ ባየልኝ፣ ያሳልፉን እንጂ!» አለች ስርጉት።

ግቢው ሙሉ ነበር። ወባ የያዘው፣ ሕፃን የታቀፈ፣ እነ ደምለውም ለመድኃኒት መጥተው ቆመዋል። ሁሉም ዞረው አዩኝ፤ ያን ቀን በዳሱ እንዳዩኝ። ጨዋታ የምናገር መስሏቸው አንዳንዱ ከወዲሁ ጥርሱን አሳይቷል። መምጣቱም አልቀረም፣ ምላሴ ጫፍ ላይ አንድ ጨዋታ መጣ። ዋጥሁት። መራራ ነው።

«እንግዴ ልጇ የማኅፀኗ አፍ ላይ ነው ያለችው» አልሁ። ጮኼ ነው ያልሁት። «የእንግዴ ልጇ! በሩን ዘግታዋለች። እጅ የገባ እንደሆነ ትገነጠላለች፤ ደሟ ይፈስሳል፤ እሷም ልጁም ይሞታሉ። ያን ቀን የተላክሁት ይህን ንገር ተብዬ ነው። አፍሬ፣ ተጸይፌ፣ አሳቅኋችሁ። አሁን የሚስቅ ካለ ይሳቅ። በዚህ በር ግን ሰው አይገባም።»

ማንም አልሳቀም። አሰፋች ሰፊ መዳፎቿን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። «ታዲያ ማን ነገረን?» አለች ቀስ ብላ። «እኔ እኮ እጄ እንዲያድን እንጂ…» እውነቷን ነው። ማን ነገራት?

ያኔ ነው እስከዳር ከውስጥ «አባባ» ያለችኝ። ገባሁ። ፍራሹ ቀልቷል።

ረፊቃ በሞተር ደረሰች፤ ጭቃው እስከ ሻሿ። መርፌ ሰክታ ግሉኮስ አንጠለጠለች። አምቡላንሱ አስፋልቱ ድረስ እመጣለሁ ብሏል፤ ወደ እኛ ግን ዋልካው አያስገባውም። ውባንተ «ትራክተሩን ላምጣ» አለ። «ንቅንቁ ይገድላታል» አለችው። ያ ጎልማሳ ያን ሁሉ ብረት የሚነዳ ሰው እጁን አንጠልጥሎ ቀረ።

ደምለው ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «እናንተ፣ በአገራችን ትራክተር ነበር እንዴ?» አላቸው። ቃሬዛውን አነሡ። አሥራ ስድስት ናቸው፤ አራት አራት እየሆኑ ተቀባበሉ። ስርጉት ከፊት ከፊት እየሄደች ጭቃው ያልጠለቀበትን ታሳያለች። አሰፋች ፍራሹ እንዳይርስ የላስቲክ ሸራ ያዘች። ረፊቃ ከጎን። ግሉኮሱን ከፍ አድርጎ የሚይዝ ሲጠፋ ለእኔ ሰጡኝ። ሁለት ሰዓት ተኩል እጄን ሰቅዬ ሄድሁ። ደሙ በቃሬዛው ጠርዝ እየተንጠባጠበ ጋቢዬ ላይ፣ ክንዴ ላይ። ሕፃናቱ በየመንገዱ ራቁታቸውን በሩፋኤል ዝናብ ይጨፍራሉ።

አስፋልቱ ጫፍ ላይ ጠመንጃ የያዙ ልጆች አስቆሙን። የማን ወገን እንደሆኑ አልጠየቅሁም። አንዱ የተሸፈነችበትን ልብስ ገልጦ አየና ፊቱን አዞረ፤ እንትፍ አለ።

«ፊትህን አታዙር» አልሁት። «አንተም በዚሁ ነው የመጣኸው።»

አሳለፉን።

ሆስፒታሉ ስንደርስ ወዲያው አስገቧት። ደም ያስፈልጋል አሉ። ውባንተ ሰጠ፣ ደምለውና አንድ ጓደኛው ሰጡ። እኔ እጅጌዬን ስሰበስብ ደም የምትቀዳው ልጅ «አባት፣ እርስዎ አርጅተዋል» አለችኝ። «የእኔ እኮ የከረመ ነው፣ ይሻላል» አልኋት። አልሳቀችም። እኔም አልሳቅሁ።

ረፊቃ ዳቦ ገዝታ አመጣችልኝ። በልቼ ስጨርስ እጄን አየሁት። ደሙ እስከ ክርኔ ደርቋል። በዚያው እጅ ነው የበላሁት።

እንግዲህ ይህንም ልጻፍ። አይናዲስ ሚስቴ ነበረች። መንበረን የወለደቻት በሰሊጥ ካምፕ ነው። ልጅቷ በደኅና ወጣች፣ ጮኸች፣ እልል ተባለ። እንግዴ ልጇ ግን አልወጣችም። ሴቶቹ ደጅ ወጥተው ምን ይሻላል አሉኝ። በር ላይ ቆሜ አንድ ነገር ተናገርሁ፤ ሁሉም ሳቀ። ስለ ሳቁ ትንሽ እንጠብቅ አሉ። ጠበቁ። እስኪነጋ።

ምን እንዳልሁ አልጽፍም።

የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ተከፈተ። እየጠሩን ነው

ጳጉሜን 5

ወንድ ነው። ትንሽ ነው፤ መዳፌ ይበቃዋል። ይጮኻል ግን፣ የረፊቃን አፍ የያዘ ነው።

እስከዳር ዛሬ ከቀትር በኋላ ዓይኗን ገለጠች። ከንፈሯ እንደ አመድ ሆኗል። አየችኝ፣ ቆየችና፣ «አባባ፣ ጋቢዎ ምን ሆነ? ያስጠላሉ» አለችኝ።

ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስሁ። ጥበቃው መሀረብ ሰጠኝ።

መስከረም 1 ቀን 2018

ነርሷ በጥቁር ፌስታል አሥራ አመጣችና፣ «አባት፣ እንጣለው ወይስ ይወስዱታል?» አለችኝ።

«ስጭኝ» አልኋት።

እስከዳር ከውባንተና ከረፊቃ ጋር ትቆያለች። እኔ ጉድጓዴ ስላለ ቀድሜ ልሄድ ሆነ። መንገዱ ተከፍቷል። ሚኒባስ ውስጥ ፌስታሉን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ። ሙቀቱ አይጣል ነው። ሽታው መጣ። አውቀዋለሁ ያን ሽታ፤ ሦስት ዓመት ተቆራኝቶኛል። እውነቱን ለመናገር አሁንም ያስጠላኛል። ሁለቴ ወደ መስኮቱ ዞርሁ። ግን ወለሉ ላይ አላስቀመጥሁትም።

አጠገቤ አበባ የያዘች ወፍራም ሴት አለች። አፍንጫዋን ነፋች። «የበዓል ሥጋ ነው አባት? ተበላሽቶብዎታል እኮ።»

«ሥጋ አይደለም» አልኋት። «የልጄ ልጅ ስንቅ ናት።»

«ታዲያ ምነው አልበላውም?»

«ስምንት ወር ተኩል በልቷታል። ይቺ ሳህኗ ናት።»

እስክንደርስ ድረስ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ሰፊ ቦታ አገኘሁ።

መስከረም 2

የጤና ጣቢያው ጉድጓድ ውስጥ አልጣልኋትም። ጠዋት ከቤቴ ኋላ፣ እዚያ ካለው ግራር ሥር፣ እስከ ወገቤ የሚደርስ ቆፈርሁ። ኮሚቴው ተከትሎኝ መጥቶ ዙሪያውን ተቀመጠ። ሊቀ መንበሩን ድንጋይ ወርውሬ አባረርሁት፤ ዛሬ ስብሰባ የለም።

ስርጉት አለፍ ስትል አየችኝ። ቆመች። «ምን እየቀበሩ ነው አንቱ?»

«እንግዴ ልጅ» አልኋት።

ጠጋ አለችና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸንፍጣ አፈሩን በእጇ መመለስ ጀመረች። ደልድለን ድንጋይ ጫንበት። እጄን ታጠብሁ። ሁለት ጊዜ።

ሁለተኛዋ ናት፣ የቀበርኋት። የመጀመሪያዋን ከነባለቤቷ ነው የቀበርኋት።

ረፊቃ ከሆስፒታል ደወለች። እስከዳር ልጁን ማጥባት ጀምራለች አለች። ከዚያ፣ «ጉድጓዱስ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ተከፈተ፣ ሸተተ፣ ተዘጋ» አልኋት።

ሳቀች። «ይበርቱ፣ ጂዱ» አለችኝ።